የጋሽ ኮረብታ የመጨረሻ ሸራ

ሬሳውን ያገኙት ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሰው በገደሉ ሥር ሲያልፉ፣ አንደኛው፣ ሰው የጣለው ኮት መስሎት፣ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ኮቱ ውስጥ ሰው ነበረበት።

ሟቹ የስልሳ ስምንት ዓመት ሠዓሊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ገደል አናት ተቀምጠው ፊት ለፊታቸው ያለውን ሸለቆና ኮረብታ ብቻ ስለሳሉ፣ ከተማው «ጋሽ ኮረብታ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ገደሉ ጫፍ ላይ የሸራ ማቆሚያቸው እንደቆመ ተገኘ። በላዩ ቀለሙ ያልደረቀ ሥዕል አለ፤ ሸለቆው በከሰዓት ፀሐይ፣ የዛፎቹ ጥላ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ከዋናው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ስትደርስ፣ አንዲት ሴት የጣቢያውን በር ተደግፋ ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የመጣችው።

«የኔ እመቤት፣ ልጄን ያዙብኝ። ነገ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን ይላሉ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንዴ እስር ቤት ከገባች አትወጣልኝም፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ አትወጣም።»

«ገና ምንም አልሆነም እኮ፣ እህቴ።»

«እሱን አይደል የምፈራው፣ ገናውን!»

መርማሪዋ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ አልፋት ገባች። የጣቢያው አሥር አለቃ መዝገቡን ዘግቶ ይጠብቃት ነበር።

«አልቋል» አላት። «ሥዕሉ ራሱ ሰዓት ነው። የጥላው አጣጣል የዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበሩ። አሥር ሰዓት ላይ ይህች ያሰርናት ተማሪያቸው ከገደሉ እየሮጠች ስትወርድ ሁለት ሰዎች አይተዋታል። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ ‹ስምሽን ሸጥሽው!› ብለው ሲጮኹባት ጎረቤት ሰምቷል።»

«ሐኪሙስ?»

«ገላቸው ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ስለነበር ሰዓቱን ቆርጬ መናገር አልችልም ብሏል።»

«እንግዲያው ሰዓቱን የነገረህ ሥዕሉ ብቻ ነው።»

«ሥዕል ይዋሻል እንዴ?»

«እኔ የማውቀው የሚስለው ሰው እንደሚዋሽ ነው። እስቲ ዕቃቸውን አሳየኝ።»

ገደሉ ላይ የተገኘው የሟቹ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ብሩሾች፣ የቀለም ቱቦዎች፣ ግማሽ የቀረ የውኃ ጠርሙስ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር። ቋጠሮውን ፈታችው። ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ። ማንም አልነካቸውም። መልሳ ቋጠረችው።

ልጅቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ።

«እማዬ ምንም እንዳትናገሪ ብላኛለች።»

«እናትሽ ፈርታ ነው። ፍርሃት ግን ጥሩ ጠበቃ አይሆንም።»

ልጅቱ ለአፍታ አቀረቀረች። «ላናግራቸው ነበር የወጣሁት። ጋሼ አልነበሩም። ሥዕሉ ብቻውን ቆሟል። ወደ ታች ሳይ… አየኋቸው። ሮጥኩ። ለእማዬ ስነግራት ‹ዝም በይ፣ አንቺ ነሽ ይሉሻል› አለችኝ።»

«ሥዕሉን ልብ ብለሽ አይተሽዋል?»

«ያምራል። ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ እንጃ፤ ብዙም አልቆምኩም።»

«ቀለሙ እርጥብ ነበር። በዚያው ቀን የተሣለ መሆን አለበት፣ አይደል?»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ዘይት ቀለም እኮ ነው። ሦስት አራት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል።»

«‹ስምሽን ሸጥሽው› ያሉሽስ ለምንድን ነው?»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በኋላ ብትጠየቅ ብትለመን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የሟቹ ቤት ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው። ያው ኮረብታ፣ ያው ሸለቆ፣ በዝናብ፣ በጉም፣ በበጋ ሐሩር። በብዙዎቹ ላይ አምስት ግዙፍ የኤሌክትሪክ ብረት ምሰሶዎች ሸለቆውን አቋርጠው ቆመዋል። ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«ከተተከሉ ስምንት ዓመታቸው ነው» አሉ መርማሪዋ የምታየውን አይተው። «እነዚህን ሽቦዎች ብትተዋቸው ምን ትሆናለህ፣ ሥዕሉን አበላሹት እያልኩ ስንቴ ለመንኩት! ‹እግዜር ያላነሳውን እኔ ማን ነኝና አነሳዋለሁ› ይለኛል። ያየውን ሳይስል አንድ ቀን አድሮ አያውቅም። ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ትናንት ምን ሊሥሉ ነበር የወጡት?»

«የጠዋት ሥዕል ይዟል፤ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳውን ይበላል፣ ከዚያ ጥላው ዞረ ብሎ ብሩሹን አጥቦ ዛፍ ሥር ይጋደማል።»

«ሰባት ሰዓት ሲሉ፣ አንዳንድ ቀን ዘግየት ይላሉ?»

«እሱ?» አሉ፤ ፈገግታም ልቅሶም ፊታቸው ላይ ተቀላቀለ። «ስኳር አለበት እኮ፣ ልጄ። ሰባት ሰዓት ካለፈው እጁ ይንቀጠቀጣል። በሰርጋችን ቀን እንኳ ሽማግሌ እየመረቀን ዳቦ ሲያኝክ ነበር።»

መርማሪዋ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ የሟቹ የቅርብ ወዳጅ ወደሚገኝበት የከተማው ሥዕል ቤት ሄደች። ሥዕል ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚከፈት ዐውደ ርእይ ሽር ጉድ ይላል። የሥዕል ቤቱ ባለቤት ሁልጊዜ ሙሉ ሱፍ ስለሚለብስ «ባለ ሱፉ» ይባላል። አብሮት ያለው ጺሙ ደረቱን የሚነካ ሠዓሊ ነው፤ ሰው «ጢሞ» ይለዋል። የጋሽ ኮረብታ የሃያ ዓመት ወዳጅ ነው፤ የሚስለውም ያንኑ ሸለቆ ነው።

«ጢሞ ትናንት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ከዚህ አልወጣም» አለ ባለ ሱፉ። «አብረን ሥዕል ስንሰቅል ነበር። መዶሻ ይዞ ስንቴ ጣቴን እንደመታኝ ይቁጠሩ!»

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አለ ጢሞ፣ ዓይኑን እያሸ። «እስቲ የከሰዓት ብርሃን ልሞክር ሲለኝ ሰምቼው ነበር። ምነው ባልሞከረው!»

መርማሪዋ በግድግዳው ጥግ ጥግ ተራመደች። የጢሞ ሥዕሎች ለስላሳ ናቸው፤ ሸለቆው ገና እንደተፈጠረ ንጹሕ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሦስት ትልልቅ ሸራዎች ብቻቸውን ተሰቅለዋል። በእነሱ ላይ ምሰሶዎቹ ከጉሙ ውስጥ እንደ ደከማቸው መንገደኞች ብቅ ብለዋል። ከታች የጢሞ ፊርማ አለ።

«እነዚህ ሌላ ናቸው» አለች።

«አዩ!» አለ ባለ ሱፉ ደረቱን ነፍቶ። «አዲስ መንገድ ጀመረ። ስምንት ዓመት ምሰሶ ሲጠየፍ የኖረ ሰው ድንገት ሳለው። ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ነው የሚወጣው።»

ጢሞ አንገቱን ደፋ፤ እንደ ትሕትና ሊቆጠርለት ይችል ነበር።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ገደሉ አናት ላይ ተሰበሰቡ። የሟቹ ባለቤት በምርኩዝ እየተጎተቱ ወጥተዋል። ልጅቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። እናቷ አጠገቧ ሆና የቀሚሷን ጫፍ ይዛለች፤ ገደሉ የሚጠራት ይመስል። ጢሞና ባለ ሱፉ ትንሽ ራቅ ብለዋል። አሥር አለቃው ግን የለም።

መርማሪዋ ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና የከሰል ቁራጭ አደለች።

«ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሸለቆ ሳሉልኝ። ባለሙያም ይሁን አይሁን። አሥር ደቂቃ።»

«እኔ ፊርማዬን እንኳ በቅጡ አልሥልም!» አለ ባለ ሱፉ።

«ሰው ሞቶ ጨዋታ ነው የያዝነው?» አለ ጢሞ። ከሰሉ ግን እጁ ውስጥ ከገባ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጣቶቹ ራሳቸው ሄዱ።

ነፋሱ ወረቀቶቹን ያርገበግባል። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ መርማሪዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ መሬት ላይ ደረደረች፤ በየጥጋቸው ጠጠር ጫነችባቸው።

የእናትየዋ ኮረብታ የእጅጌ ቅድ ይመስላል። የባለ ሱፉ የወደቀ ድንኳን ነው። የባለቤታቸው መስመር ይንቀጠቀጣል። የልጅቱ ሥዕል ሕይወት አለው። በአራቱም ላይ አምስት ምሰሶዎች ቆመዋል። የጢሞ ሥዕል ከሁሉም ያምራል። ምሰሶ ግን የለበትም።

«አሁን አንድ በአንድ ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ኮረብታ ሰባት ሰዓት ላይ ሳይበሉ የማይቆዩ ሰው ነበሩ። ምሳቸው ሳይነካ ተገኘ። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ሲሆን በሕይወት አልነበሩም። የሞተ ሰው ደግሞ የዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጥላ አይስልም።»

የእናትየዋ እጅ የልጇን ቀሚስ ይበልጥ ጨመቀ።

«ታዲያ ሥዕሉ ከየት መጣ? ዘይት ቀለም ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። አንድ ሰው ቀድሞ ሥሎት፣ ጠዋት ይዞት መጣ። ሰውዬውን ገፍቶ ጣላቸው፤ ሁለት ሳምንት የለፉበትን የጠዋት ሥዕል አንስቶ የራሱን ተካ። ከዚያ ሰባት ሰዓት ላይ ሰው መካከል ገብቶ እስኪመሽ አልወጣም። ጠዋት የት እንደነበረ የጠየቀው የለም፤ ሁላችንም ሥዕሉን አምነን ስለ ከሰዓቱ ብቻ ነበር የምንጠይቀው።»

«ይኼ ግምት ነው» አለ ጢሞ።

«እዚህ ቆሞ የተገኘው ሥዕል ላይ ምሰሶ የለም። ጋሽ ኮረብታ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተዋቸውም። ሥዕሉን የሠራው ሰው ዓይኑ ምሰሶውን መዝለል ከለመደ ቆይቷል። ፊቱ ቆሞ እንኳ አያየውም። አሁን እንደሆነው።»

ሁሉም ወደ ሸለቆው ዞሩ። ጢሞም ዞረ። አምስቱ ብረቶች በፀሐይ ያብለጨልጫሉ። ወረቀቱን አየ፣ ሸለቆውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምሰሶውን የማያይ ሰው» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሥዕል ቤት የተሰቀሉትን እነዚያን ሦስት ሸራዎች ሊሥል አይችልም። ያየችውን እንድትሥል ጋሽ ኮረብታ ያስተማሯት አንዲት ተማሪ ግን አለች።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ? የአንቺ ናቸው?»

ልጅቱ እንባዋ ፈሰሰ። «ጢሞ ‹ፊርማዬን ልጻፍባቸውና ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ› አለኝ። ጋሼ ገና ሲያዩዋቸው የኔ መሆናቸውን አወቁ። ዐውደ ርእዩ ሲከፈት በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ ብለው ለእሱም ለእኔም ነገሩን። ትናንት እንዲተዉት ልለምናቸው ነበር የወጣሁት።»

ጢሞ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት አሥር አለቃው እያለከለከ ከዳገቱ ብቅ አለ። በአንድ እጁ የፍርድ ቤት ማዘዣ፣ በሌላው በጥንቃቄ የያዘው ሸራ አለ።

«ቤቱ ነው ያገኘሁት፤ ከራሱ ሥዕሎች ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮት!»

ያላለቀ ሥዕል ነው። ሸለቆው በጠዋት ብርሃን፣ ጥላው ወደ ምዕራብ። አራት ምሰሶዎች አልቀዋል፤ አምስተኛው ወገቡ ላይ ቆሟል።

ባለቤታቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ጢሞ ቀረቡ። ሰውየው ከገደሉ ጫፍ ፈቀቅ አለ፤ ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

«ገድለኸው ስታበቃ ይኼን ለምን አላቃጠልከውም?»

ጢሞ ሸራውን ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሩ ነበር፣ እትዬ» አለ። «ክብሪቱን ሁለት ጊዜ ጫርኩት። እጄ እምቢ አለኝ።»

«በእሱ ላይ ግን እሺ አለህ» አሉ ባለቤታቸው፤ ጀርባቸውንም ሰጡት።

መርማሪዋ የልጅቱን መዝገብ እንዲዘጋ አዝዛ ስታበቃ ወደ እናትየዋ ዞረች። «ትናንት ያየችውን በጊዜው ብትናገር ኖሮ አንድ ሌሊት እንኳ አትታሰርም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየዋ። «ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን አስባለሁ። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ አንድ ቀን ደኅና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።» ከዚያ ልጇን ከገደሉ ሦስት እርምጃ አራቀቻት።

በሳምንቱ፣ ዐውደ ርእዩ ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ልጅቱ ከሦስቱ ሸራዎች በአንደኛው ፊት በርከክ ብላ የጢሞን ፊርማ በምላጭ ትፍቃለች። ባለ ሱፉ ጋዜጣ ዘርግቶላታል። እናቷ ከአናቷ በላይ ቆማ ትመለከታለች።

«ቀስ በይ! ምላጩ እጅሽን እንዳይበላው።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«ሸራውንም እንዳትበሺው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ፊርማው ተፍቆ አለቀ። ልጅቱ ቀጭን ብሩሽ አንስታ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረችው፤ ከሸራው ታችኛው ጥግ ላይ፣ የማይታይ ያህል ደቃቅ የሆነ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ልታሰፍር ጎንበስ አለች። እናቷ በሩን ዞር ብላ አየች፤ ውጭ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። እጇን የልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች።

«በትልቁ ጻፊው፣ ልጄ» አለቻት። «ከበሩ ሆኖ እንዲነበብ።»