ከድምፅ ማጉያው የተጠራው ስም

ሀሚዱ የዕቃ ቤቱን በር በርግዶ ሲገባ አሕመዲን ከድምፅ ማጉያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከጆሮው ኋላ የወጣው ደም ሲሚንቶው ላይ ተንጣሏል። ሀሚዱ ተንበርክኮ እጁን ያዘው፤ ስሙን ጠራው፤ ትንፋሽ የለውም። ከዚያ ነው ፍርሃቱ የመጣው። ከአምስት ደቂቃ በፊት የዚህ ሰው ድምፅ በማጉያው ሲያዜም፣ አራት መቶ ተማሪ ሲቀበለው ነበር። ዕቃ ቤቱ ያለው አንድ በር ነው። በዚያ በር አጠገብ ደግሞ ከሀሚዱ በቀር ሰው አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ስለ ቡድኑ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐይቅ ከተማ ዳር ያለው ይህ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የለውም። ተማሪው ጠዋት ከደሴ፣ ከውጫሌ፣ ከቢስቲማ በአውቶቡስ ይመጣል፤ አሥር ሰዓት ሲል ቤቱ እንደሚቃጠልበት ሰው ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለሦስት ዓመት ሲጫወት የሚያየው የግቢው ዘበኛ ብቻ ነበር፤ እሱም እያንቀላፋ። አሕመዲን የደጋፊዎች አስተባባሪ ሲሆን ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ጨዋታ ባለበት ሐሙስ የአውቶቡሶቹ መነሻ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲገፋ አስወሰነ። የቡድኑን ኮከብ የሀሚዱን ስም በየግድግዳው ለጠፈ። ለየተጫዋቹ ዜማ አወጣለት። የማይክራፎኑ ገመድ አጭር ስለሆነ ዜማውን የሚመራው ከመቀመጫው ሥር ካለችው ዕቃ ቤት ሆኖ ነው፤ ደጋፊው ድምፁን እንጂ መልኩን አያይም። በዛሬው ሐሙስ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከሞላውም ሕዝብ አብዛኛው ቅርጫት ኳስ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ኢንስፔክተር ኢንሳፍ ከከተማው ፖሊስ ጣቢያ የደረሰችው አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። አጭር ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም፤ ስታይ ግን ሰው ያስጨንቃል። የደሙን ዳር በክብሪት እንጨት ነካ ነካ አደረገች። በገመድ ከማጉያው ጋር የተያያዘውን የአሕመዲንን ስልክ አየች። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ አነበበችውና ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በዚያ ቀን ዕቃ ቤቱን የረገጡት ሁሉ አጠገቡ ካለው የመማሪያ ክፍል እንዳይወጡ አዘዘች።

አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሀሚዱ ነው። አሠልጣኝ ገብረ ኢየሱስና የድምፅ ባለሙያው ኢምራን አሉ። አራተኛው የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊው አቶ ሰዑድ ናቸው። የዚሁ ግቢ ተማሪ የነበረች ልጃቸውን ኑርሀያትን ከቀበሩ ገና ወራቸው ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያያቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

መጀመሪያ የተጠራው ሀሚዱ ነበር።

«ተጫዋች አይደለህ? በጨዋታ ሰዓት ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ምን ትሠራለህ?»

ሱሪውን ሰብስቦ የተጠቀለለ ቁርጭምጭሚቱን አሳያት። ጠዋት ልምምድ ላይ ወለም ብሎት አሕመዲንና ኢምራን በባጃጅ ወጌሻ ቤት ወስደውት ነበር። አሠልጣኙ ደጋፊው እንዳያየው ጨዋታው ሲጀመር ከመቀመጫው ኋላ፣ ዕቃ ቤቱ አጠገብ እንዲቀመጥ አዘዘው፤ ስሙን ብሎ የመጣው ሕዝብ አለመጫወቱን ከሰማ ሚኒባስ ፍለጋ ይበተናል ብሎ ፈርቶ። ሀሚዱም የማይጫወት ሰው ስም ሲዘፈን ማፈሪያ ነው ብሎ አሕመዲንን ለመነው። አሕመዲን አሠልጣኙና ኢምራን ፊት «ወላሂ ስምህን አላነሳም» አለው።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ጨዋታው እንደተጀመረ ስሜን ጠራ። ደጋግሞ ጠራኝ። ሕዝቡ ሁሉ ተቀበለው። እያሾፈብኝ መሰለኝ» አለ ሀሚዱ፤ ይህን ሲናገር በገዛ አፉ ራሱን እየከሰሰ መሆኑ ገባው። «ለዕረፍት ሲያፏጩ ዜማው ቆመ፤ ልጣላው ገባሁ። ሞቶ አገኘሁት።»

«ስትነካው እጁ እንዴት ነበር?»

«ቀዝቃዛ።»

ኢንሳፍ ቃሉን ደብተሯ ላይ ጽፋ ወደ ቦታው መለሰችው። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ አምባሰል ያለችውን እናቱን አሰበ። ልጅሽ ነፍስ አጠፋ ሲሏት የምትሆነው ታየው።

ሌሎቹ በየተራ ኮሪደሩ ላይ ተጠየቁ። በሩ ገርበብ ያለ ስለሆነ ይሰማል። ኢምራን መሣሪያውን ስምንት ሰዓት ላይ አገናኝቶ ወደ ውጤት ጠረጴዛው እንደሄደ ተናገረ። አሠልጣኙ የሀሚዱን ስም ሲሰማ እንደደነገጠ፣ ግን አሕመዲን ደጋፊውን ለማሞቅ መሐላውን ያፈረሰ መስሎት ዝም እንዳለ አመነ። ቀጥሎ አቶ ሰዑድ ተጠየቁ። የአውቶቡስ ዝርዝር ሊሰጡ ገብተው አሕመዲንን በሰላም ትተውት እንደወጡ፣ ጨዋታው ከተጀመረ እስከ ዕረፍት ከዲኑ ጎን ከፊት ወንበር እንዳልተነሡ ተናገሩ።

«ሀሚዱንስ አይተውታል?» አለች ኢንሳፍ።

«እንዴት አላየውም! እስከ ዕረፍት ሲጫወት ነበር። ደህና ተጫወተ። ወደዚያ የሄደው ዕረፍት ላይ ነው።»

አቶ ሰዑድ የሚከበሩ ሰው ናቸው፤ ሐዘንተኛ ናቸው፤ ቃላቸውን ማን ያስተባብላል? ሀሰት እየመሰከሩበት ነው። አለቀልኝ አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢንሳፍ አራቱንም ፊቷ አስቀመጠች፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ሁላችሁም ሀሚዱን ነው የምታዩት» አለች። «እሱም ያውቀዋል። እኔ ግን የማየው ደሙን ነው። ስደርስ ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር። ሀሚዱ ሲነካው እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሲዘፍን የነበረ ሰው እንዲህ አይሆንም። አሕመዲን የሞተው ጨዋታው ሳይጀመር ነው።»

«እኛ እኮ ድምፁን ሰምተናል» አለ አሠልጣኙ።

«ድምፁን ሰማችሁ፤ እሱን ግን ማንም አላየም።» የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋች። «ይህ የዛሬ ዜማ ተራው ነው፤ በእጁ የጻፈው። ሀሚዱ የሚለው ተሰርዞ በቦታው የተተካው ተጫዋች ስም፣ ጠሃ፣ ተጽፏል። መሐላውን አላፈረሰም። የሰማችሁት በስልኩ የተቀዳውን የትናንት ልምምድ ነው፤ ትናንት ሀሚዱ ደህና ነበር። ቅጂው አርባ ደቂቃ ነው፤ ዕረፍቱ ላይ አለቀ። እንግዲህ ቅጂውን ከፍቶ የወጣው ሰው ሀሚዱ ዛሬ እንደማይጫወት አያውቅም። አሠልጣኙ ያውቃል። ኢምራን ወጌሻ ቤት ወስዶታል። ሀሚዱ ራሱ እግሩን ታስሮ ተቀምጧል።»

ሀሚዱ ለራሱ መፍራቱን ረሳ።

«አቶ ሰዑድ፣ እርስዎ ግን እስከ ዕረፍት ደህና ሲጫወት አይተውታል። ሜዳ ያልገባን ሰው። ስሙን ከማጉያው ሰምተው ነው ያለ የመሰለዎት። ዓይንዎ ሜዳው ላይ አልነበረም።»

አቶ ሰዑድ ለመካድ እንኳ አልሞከሩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ኑርሀያት በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ስትሄድ በብርሃን ነበር ቤቷ የምትገባው» አሉ። «ከውጫሌ ወደ ላይ በእግር ነው። ለኳሱ ተብሎ አሥራ ሁለት ሲሆን ጨለማ ላይ ወረደች፤ ገደሉን አላየችውም። ስምሪቱን የፈረምኩት እኔው ነኝ። ዛሬ ገብቼ፣ ልጄ፣ ወደ አሥር መልስልኝ ብዬ ለመንሁት። ስልኩን እየነካካ፣ ጋሼ፣ ሜዳው እንዴት እንደሞላ አያዩም እንዴ? እንዲያውም ለፍጻሜው እስከ አንድ ሰዓት ይግፉልኝ አለኝ። ገፈተርሁት። የማጉያው ብረት ላይ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም። ቅጂው ስልኩ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ስልኩን ገመዱ ላይ ሰክቼ ነክቼው ወጣሁ። ፈራሁ።»

ካቴናው ሲገባላቸው ወደ ሀሚዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ። አንተን ሲጠረጥሩህ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ሀሚዱ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አልገደለም የሚልለት ሰው ሲመኝ ነበር። አሁን ተባለለት፤ ሆኖም ደረቱ አልቀለለም። አሕመዲን ጠዋት በባጃጁ ውስጥ እግሩን ጭኑ ላይ አሳርፎለት እንደነበር ትዝ አለው።

«በኔ በኩል አውፍ ብያለሁ፣ ጋሽ ሰዑድ» አለ። «የአሕመዲን እናት ግን ገና አልሰሙም። ማታ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው።»

አቶ ሰዑድ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።