የኮመጠጠው ጨጓራ

«ቆዳው አይሸጥም» አለ በሩን በግማሽ የከፈተው ሰው፣ የፀደይን የጎማ ቦት ጫማና በእጇ የያዘችውን ቢላዋ እያየ። «ገና ሳይቀዘቅዝ መጣችሁ?»

«ቆዳ ልገዛ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ከሆሳዕና። ፖሊስ ጠርቶኝ ነው።»

ሰውየው ይቅርታ አላለም። በሩን ለቆላት ዞረ። መምህር ዳኘ ነው፤ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የሰፈሩ የመስቀል ቅርጫ ሰብሳቢ። ጎረቤቶቹ ለበዓሉ በጋራ የገዙት ሰንጋ የሚቀለበው በእሱ ግቢ ነበር። አሁን ሰንጋው ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ባቦካው ጭቃ ላይ ሞቶ ተዘርሯል።

የቅርጫው አባላት ከበውታል። ፈንጠር ብሎ ባለሱቁ ጎረቤት ናስረዲን ከኮንስታብል ወንዳፈረው ጎን ቆሟል። ሸሚዙ ላይ ጭቃ ተወርውሮበታል። ሱቁን አባላቱ በራሳቸው ቁልፍ ዘግተውበታል።

«ገዳዩ ያውልሽ» አለ ዳኘ። «ሰንጋው አጥሩን ስለጣሰበት ‹አሳይሃለሁ› ብሎኛል። የአይጥ መርዝ ይሸጣል። ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት አጥሩ ሥር ያገኘሁት። አንቺ መርዝ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ እሱ ከዚህ ከተማ፣ ከፎንቆ ይወጣል።»

ፀደይ የተቀደደውን የወረቀት እሽግ ተቀብላ አገላበጠችው። ብዙ ዓይን ሲያያት ጆሮዋ ይግላል፤ አሁንም ጋለ። ኪሷ ከተተችውና ወደ ናስረዲን ሄደች።

«አሳይሃለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ። ቀበሌ ከስሼ አሳይሃለሁ ነው ያልኩት። ልጆቼ እዚሁ ነው የተወለዱት ዶክተር፤ የት ሂድ ነው የሚሉኝ?»

«መምህር ከእርስዎ ዕቃ ይገዛሉ?»

«እስከ ረቡዕ ይገዛ ነበር። ረቡዕ እንኳ ለሰንጋው ብሎ ጨው ወሰደ። ብዙ ጨው።»

የዳኘ ሚስት ገነቴ ከበረቱ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ምን ያበሉት ነበር?»

«ኮባና ፉርሽካ። ሌላ አልሰጠሁትም።»

«መቼ ነው የታመመው?»

«ረቡዕ ማታ የበርሜሉን ውሃ ጠጥቶ ጨረሰ። ሐሙስ አባላቱ ሊያዩት ሲመጡ ሆዱ ከበሮ አክሎ ነበር፤ ሁሉም እየዳሰሰ አደነቀ። ትናንት መብላት ተወ። እሳት የረገጠ ይመስል አንዱን እግር ሲያነሳ አንዱን ሲጥል ዋለ።»

«ገነቴ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» አለ ዳኘ።

«የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት።»

«የእህል ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለች ፀደይ ከበረቱ ጎን ወዳለው የተቆለፈ በር እያየች።

«እኔ እህል ክፍል ገብቼ አላውቅም» አለች ገነቴ። ዓይኗ ባሏ ኮት ኪስ ላይ አረፈ።

ፀደይ ተንበርክካ የሰንጋውን ሆድ ከፈተች። ኮምጣጣ ሽታ ወጣ፣ ሰዎቹ ወደ ኋላ አሉ። ከጨጓራው ያበጠ ስንዴ በእፍኟ ዘገነች። ፈሳሹ ውስጥ የነከረችው ሰማያዊ ወረቀት ወዲያው ቀላ። እጇን ታጥባ ሁሉም እንዲቀርቡ ጠየቀች።

«የበላው ነገር መርዞታል» አለች ቀስ ብላ። «የመረዘው ግን ስንዴ ነው። ይኸው ወረቀቱ፤ ጨጓራው አሲድ ሆኗል።»

ዳኘ ሳቀ። «ሆድ አሲድ መሆኑን ሕፃናት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለዚህ ነው ከሆሳዕና የመጣሽው?»

«የመጨረሻው ሆድ፣ አዎ። ከብት ግን አራት ሆድ አለው፣ መምህር። በአራተኛው ውስጥ ሂስታሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አሲድ እንዲመነጭ ያዛል፤ እዚያ መኮምጠጡ ጤና ነው። ጨጓራው የመጀመሪያው ነው። አሲድ አያመነጭም። ያልለመደ ሰንጋ በአንድ ጊዜ ብዙ ስንዴ ሲበላ ግን ስንዴው እዚያ ይብላላና ይኮመጥጣል።»

«እግሩስ?» አለች ገነቴ።

«እሱም ከዚያው ነው። በኮመጠጠ ጨጓራ ውስጥ ሂስታሚን ይበዛል። በደህናው ጊዜ ሰውነት አፍርሶ ያስወግደዋል። አሲዱ የጨጓራውን ግድግዳ ሲልጠው ግን ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሰኮናው ይቃጠላል። የአይጥ መርዝ ሰኮና አያቃጥልም። በእሽጉ ያለው መርዝ ደግሞ አሲድ ሲነካው እንደ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እንዲህ በኮመጠጠ ሆድ ውስጥ ቢኖር ሁላችሁንም ይሸታችሁ ነበር።»

«ስንዴውንስ ባለሱቁ አጥር ዘሎ አብልቶት ቢሆን?» አለ ኃይለኢየሱስ የተባለ የቅርጫው አባል። «እሱም እንዳንቺ ከውጭ የመጣ ስለሆነ ነው የምታግዢው?»

ጆሮዋ እንደገና ጋለ፤ ድምጿ ግን አልተቀየረም።

«በዚህ ግቢ ስንዴ ያለው በተቆለፈው እህል ክፍል ነው፤ ከዚያ ነው የወጣው። ጨው ያለበት ስንዴ የበላ ሰንጋ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ሰንጋ በማግስቱ ለሚዳስሱት ሰዎች የሰባ ይመስላል። ሐሙስ እንደምትመጡ የሚያውቅ፣ ረቡዕ ጨው የገዛ፣ ቁልፉ ኪሱ ያለ ሰው አንድ ነው።»

እሽጉን አውጥታ ለኮንስታብሉ ሰጠችው።

«ይዳስሱት። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። አጥር ሥር ያደረ ወረቀት እንዲህ አይደርቅም። ዛሬ ጠዋት ነው የተቀመጠው፣ ሰንጋው ከሞተ በኋላ።»

ሁሉም ዳኘን አዩት። ዳኘ ጭቃውን አየ።

«የገበያ ሰፈር ሰዎች ሰንጋው ከሳ ብለው ‹የዳኘ ፍየል› እያሉ ሲስቁበት አልሰማችሁም?» አለ በመጨረሻ። «ያበላሁት እንዲሞት ብዬ ነው እንዴ?»

«እሱስ?» አለች ፀደይ ናስረዲንን እያየች። «እሱ ምን አደረገዎት?»



ኮንስታብል ወንዳፈረው ዳኘን የሐሰት ማስረጃ በማቅረብ ወንጀል ይዞት ሄደ። አባላቱ ሰንጋውን ከወንዙ ማዶ ቀበሩት። ከመካከላቸው አንዱ ቁልፉን ከሱቁ በር ላይ ፈትቶ ሄደ። ናስረዲን በዚያው ከሰዓት ሱቁን ከፈተ። እስኪመሽ የገባችው ገዢ ገነቴ ብቻ ነበረች።