ከአባባ ጎን ያለው ወንበር

«በራ?» አሉ አባባ ሃርም የጂፑን መሪ ይዘው።

«ኧረ ወይ ፍንክች!» አለች ፌና ከኋላ።

የአሮጌው ወታደራዊ ጂፕ የግራ የኋላ መብራት ድርግም ብሏል። ነገ ጠዋት መንደሩ ነፃ የወጣበት ቀን ሰልፍ አለ፤ መብራቱ የማይሠራ መኪና ደግሞ አያሰልፉም። ፌና ግን ደስ ብሏታል። አዎ፣ ደስ ብሏታል፤ ሽቦውን የዘረጋችው ዮሊን ናታ!

ዮሊን የአክስቷ ልጅ ናት። በፋሲካ ሰሞን ከዩትሬክት ከተማ መጥታ ብዙም ሳትቆይ ካቻቢቴ ጨበጠች፤ ከዚያ ወዲህ የአያታቸው የአባባ አፍ «ዮሊን፣ ዮሊን» ብቻ ሆነ። ፌና ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየመስከረሙ ሰልፍ የምትቀመጥበትን፣ ከጎናቸው ያለውን ወንበር እንኳ ዘንድሮ ለዮሊን ሰጧት። ለፌና የደረሳት መኪናውን ቀለም መቀባት ነበር። እሷም በንዴት ቀባችው፤ ደጋግማ፣ አንድም ቦታ ሳታስቀር።

«ሽቦሽ ነው» አሉ አባባ ዮሊንን። «ንቀይና እንደገና ዘርጊው። ካቃተሽ እኔ እሠራዋለሁ፤ ወንበሩ ግን የፌና ነው።»

«ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ እኮ!»

አባባ ማብሪያውን ሳያጠፉ ሾርባቸውን ሊጠጡ ገቡ። ዮሊን ከመኪናው ሥር ተንሸራታ ገባች።

«ጉረኛ» አለች ፌና በልቧ። ዝም ብላ ለመነካካት ያህል አንድ ረጅም ሽቦ አነሳች፤ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ አስራ ሌላውን የመብራቱን ቡሎን አስነካችው። መብራቱ ቦግ አለ።

ወዲያው ገባት። ወደዚህ መብራት የሚመጣው ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት ነው። አባባ «ማሳ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መብራቱና ብረቱ በደንብ መነካካት አለባቸው። አሁን ግን መሃላቸው ወፍራም ቀለም ገብቷል። የፌና ቀለም።

ሽቦውን አነሳችው። መብራቱ ጠፋ። ዮሊን አላየችም።

«ፌና፣» የዮሊን ድምፅ ሊያለቅስ ደርሷል፣ «ማብሪያውን አጥፊና ፒንሳውን አቀብይኝ። ልቆርጠው ነው።»

ፌና አጠፋችው። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ፒንሳውን አነሳች። ከመኪናው ሥር የወጣው የዮሊን እጅ ጥቁር ቅባት ለብሷል፤ ሁለት ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

«ቆይ፣ አትቁረጪው።»

«ለምን?»

ፌና ፒንሳውን አስቀመጠች። ቅናቱ አሁንም አልለቀቃትም፤ ዮሊንን አሁንም አልወደደቻትም። መብራቱን ፈታች፤ በብርጭቆ ወረቀት ያን የለፋችበትን አረንጓዴ ቀለም ብረቱ እስኪታይ ድረስ ፋቀችው። መልሳ አሰረችውና ማብሪያውን ከፈተች።

«አባባ!» ጮኸች ዮሊን ከመኪናው ሥር ብቅ ብላ። «በራ!»

አባባ አፋቸውን እየጠረጉ ወጡ። «ምኑ ነበር?»

«ቀለሜ ነው፣ አባባ» አለች ፌና። «የእሷ ሽቦ ደህና ነው።»

ከዚያ ጨርቅ አነሳችና ነገ የምትቀመጥበትን የኋላውን ወንበር መጥረግ ጀመረች።