ዘጠነኛውን መጽሐፍ ቀድሞኝ አነበበው

ዘጠነኛው መጽሐፍ ወጣ ሲባል ካውያውን የሰው ሸሚዝ ላይ ረስቼው ልሮጥ ነበር። ሸሚዙ ለትንሽ ተረፈ።

እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ አጥቤ እተኩሳለሁ፤ እሱ አጠገቤ ያለው ጫማ ሰፊ ነው። ያን ዘንዶ የምትጋልብ ልጅ ረጅም ታሪክ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ በምሳ ሰዓት አብረን ነው ያነበብነው። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ። እሱ ሶል እየሰፋ ያዳምጣል። አንድም ቀን «ፍጠኚ» ብሎኝ አያውቅም።

ስምንተኛውን ስንጨርስ «አግቢኝ» አለኝ።

«ዘጠነኛው ሲወጣ እነግርሃለሁ» አልኩት። ዓመታት እንደሚፈጅ ማን አወቀ!

«እኔ ገዝቼ አመጣልሻለሁ» ካለኝ ከቀናት በኋላ፣ ዛሬ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ነጥቄ ገለጥኩት። በየገጹ ጥግ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ፤ የጫማ ቀለም! እስከ መጨረሻው ገጽ! እድፍ ደግሞ ከእኔ አያመልጥም።

«አንብበኸዋል!»

አውራ ጣቱን ከኋላው ደበቀ።

«ያለ እኔ! ብቻህን! በል መልሴን እንዳትጠብቅ!»

«ስሚኝ እንጂ፣ የኔ እመቤት...»

«እመቤትህን እዚያው ፈልግ!»

«ስምንተኛው ላይ ዘንዶው ሲሞት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስሽም። አሁን ደግሞ ልጅቷ ብትሞትብሽስ ብዬ ፈራሁ። እንዴት እንደማጽናናሽ አስቀድሜ ልወቅ ብዬ ነው።»

ንዴቴ በረደ። እኔ ስምንት መጽሐፍ ሙሉ ዘንዶ ዘንዶውን ሳይ፣ ይህ ሰው ለካ እኔን ነበር የሚያየው።

«ታዲያ ትሞታለች?»

«ብሞትም አልናገርም!»

የላውንደሪውን በር ዘግቼ፣ እሱን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ግን ገና ገጹን ሳልገልጥ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ቅንድቡ ግንባሩ ላይ ይወጣል።

«ፊትህን አዙር! ሁሉን እየነገረኝ ነው!»

እንደተቀጣ ተማሪ ወንበሩን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ልጅቷ ገደል አፋፍ ላይ ደርሳለች፤ ጠላት ከኋላዋ ነው፤ ትከሻዬን ሰብስቤ አነባለሁ። ቀና ስል የእሱም ትከሻ ተሰብስቧል። የሚሆነውን ሁሉ እያወቀ፣ ለእኔ ሲል እንደ አዲስ የሚጨነቅ ሰው ከየት አገኛለሁ?

«ስማ» አልኩት፣ ጣቴን መስመሩ ላይ እንዳደረግሁ። «አገባሃለሁ።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«አትዙር!» ብዬ ጮህኩ። «መጀመሪያ ምዕራፉን ልጨርስ!»