አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይይዛል

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እዚህ ጎኔ ቦታ አለ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ልጅና ስለሚያፈስ ቱቦ ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግዴላችሁም፣ ስሙኝ።

ልጅቷ ጓሮ ካለው ኩሬ ዳር ተንበርክካ፣ መጋዙን ቱቦው ላይ አሳርፋ፣ እጇ እምቢ ብሏት ነበር።

ኩሬውን ለዓሣ ማርቢያ የቆፈረው አባቷ ነው። ውሃው በፓምፕ ተስቦ፣ በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ማጣሪያው በርሜል ይወጣል፤ ተጣርቶ ይመለሳል። የሚያፈሰው በርሜሉ ሥር ያለው ኤልቦ ነው፤ ቱቦው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ማለቴ ነው። ጠብ፣ ጠብ ሲል ውሎ ያድራል። ውሃው ከመጉደሉ የተነሳ የዓሦቹ ጀርባ ሊታይ ምንም አልቀረው።

ጨርቅ አስራበታለች። የብስክሌት ጎማ ጠቅልላበታለች። ከላይ ኮላም ለቅልቃበታለች። የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄማ ጥርስሽን ሲያምሽ ጉንጭሽን ቅባት መቀባት ነው! ቆርጠሽ ጣይውና አዲስ ግጠሚ።» አዲስ ኤልቦ ሰጣት። «ግን ሁለት ሆናችሁ ሥሩት። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይይዛል። ኮላው እስኪጠብቅ ካልያዛችሁት ተንሸራቶ ይወጣል።»

«እሺ» አለችው። ሁለተኛ ሰው እንደሌላት አልነገረችውም።

እጇ እምቢ ያላት ግን በሌላ ምክንያት ነው። አሮጌው ኤልቦ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ያኔ ሲገጠም፣ እንዳይጣመም ምልክት የሚያደርጉበት ቢያጡ፣ እናቷ የኩል እርሳሷን አምጥታ አሰመረችው። ኮላ ፈስሶበት ስለደረቀ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አባቷ ገፋ፣ እናቷ ያዘች። አሁን እናቷ የለችም፤ አርፋለች።

አባቷ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ቤት የምትውለው አዲሷ ሚስቱ ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆንማ ይጣሉ፣ ይነጋገሩ ነበር። ሴትዮዋ ከመጣች ጀምሮ ልጅቷ ጠርታት አታውቅም። ምን ብላ ትጥራት? «እማ» እንዳትላት አፏ አይታዘዛትም። በስሟ እንዳትጠራት ትልቅ ሰው ናት። ስለዚህ የምትላት ነገር ሲኖር ሄዳ ፊቷ ትቆምና ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

አንዱ ዓሣ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ከፈተ፣ ዘጋ። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ መጋዙን ሳበችው።

አሮጌውን ኤልቦ ኪሷ ከተተችው። የቱቦዎቹን ጫፍ አደረቀች፣ በሻካራ ወረቀት ፈተገች፣ ኮላ ቀባች፣ አዲሱ ኤልቦ ውስጥ ገፋች። ገባ። እጇን ስታነሳ ተንሸራቶ ተመለሰ።

«ኧረ አቦ!»

እንደገና ገፋችው። ያኔ በበርሜሉ በኩል ያለው ይወጣ ጀመር። ያንን ስትገፋ ይሄኛው ይወጣል። ኮላው እየደረቀ ነው፤ ሌላ ኤልቦ ደግሞ የላትም።

ከቤቱ ማዶ የአባቷ ሚስት ልብስ ስታሽ ይሰማል። ሄዳ ፊቷ እንዳትቆም፣ ቱቦውን መልቀቅ ሊኖርባት ነው።

አፏን ከፈተች።

«እትዬ!»

የልብሱ ድምፅ ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ ድረሺልኝ!»

ሴትዮዋ እየሮጠች መጣች፤ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። «ምነው? እጅሽን ቆረጥሽው?»

«አይ፣ ያዢልኝ! ቆይ፣ ቆይ፣ እጅሽ ርጥብ ነው!»

በቀሚሷ ጠራረገችና ከወዲያ በኩል ያዘች። «እንዲህ?»

«እንዲህ። እንዳትለቂ።»

«እኔ ምን አስቸኮለኝ፤ ልብሱ እንደሆነ ሮጦ አያመልጥ።»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያዙ።

«የድሮው ላይ ጥቁር መስመር ነበረች» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «የት ደረሰች?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። መስመሯን ሌላ ሰው ያያታል ብላ አስባ አታውቅም።

«ኪሴ ውስጥ ናት።»

«ደግ አደረግሽ። እንዳትጠፋብሽ።»

ኮላው ጠብቋል። ልጅቷ በጣቷ ነካ አድርጋ አረጋገጠች።

«ልልቀቀው?» አለች ሴትዮዋ።

«ትንሽ እንቆይ፣ እትዬ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ መሽቶባችኋል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። ኮላው ከጠበቀ በኋላ «ትንሽ እንቆይ» ያለችውን ልጅ ግን፣ አደራ፣ አትርሱብኝ።