የራሴን ሽምግልና ሳስተረጉም

ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ልማር ስል አባዬ አኩርፎኝ ነበር። «ቻይንኛው ደግሞ ምን ሊሆንሽ ነው?» ይለኝ ነበር። ዛሬ እዚህ ታይላንድ፣ ቻንታቡሪ የሚመጣ ቻይናዊ የዱሪያን ፍሬ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እኔን፣ ዋዲን ነው። አባዬም «የኔ ልጅ ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር» እያለ በጎረቤት ላይ ይንጠባረራል። እውነቱን ነው፤ ጎበዝ ነኝ።

ክላን የተዋወቅኩት ፍሬው የሚታሸግበት መጋዘን ነው። እሾሃሙን ዱሪያን በዱላ መታ መታ እያደረገ ብስለቱን በድምፁ ይለያል። ያን ቀን ግን ዱላውን ይዞ እኔ ላይ አፈጠጠ።

«ሥራህን አትሠራም እንዴ?»

«እያዳመጥኩ ነው።»

«እኔ ዝም ብያለሁ እኮ!»

«እሱን ነው የማዳምጠው።»

ወይ ጉድ! ሳቄ አመለጠኝ፤ ልቤም አብሮ ሄደ።

ክላ ሊያገባኝ አባዬን ሁለቴ ጠየቀው። ሁለቴም «መሬት የሌለው ሰው ልጄን ምን ሊያበላት?» ተብሎ ተመለሰ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

መከሩ ሊያልቅ ሲል ትልቁ ደንበኛችን ሚስተር ሉዎ ቤታችን መጣ። ክላ ከእርሻችን ዱሪያን ሲያወርድልን ውሎ በረንዳው ጥግ ተቀምጧል። ሚስተር ሉዎ ሻዩን አስቀመጠና በቻይንኛ «ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ልጅህን ለልጄ ስጠኝ» አለ።

ክው አልኩ። «ዋጋ ቀንሱ ይላል» ብዬ ባልፈው ማን ያውቃል? ግን ሁለቱም የሚያምኑኝ አንድም ቀን ቃል አጣምሜ ስለማላውቅ ነው። ክላን እያየሁ በቋንቋችን ቁልጭ አድርጌ ተናገርኩት። ክላ አመድ መሰለ።

አባዬን አውቀዋለሁ፤ ቻይና ድረስ ሊሰደኝ አንጀቱ አይችልም፤ ደንበኛውንም በእምቢታ ማስቀየም አይፈልግም።

«ልጅቷን ጠይቀሃታል ወይ በይው» አለኝ።

ነገርኩት። ሚስተር ሉዎ ሳቀ። «መጀመሪያ የሚጠየቀው አባት ነው።»

«እኛ ቤት የምትጠየቀው ልጅቷ ናት!» አለ አባዬ ደረቱን ነፍቶ። «እሷ ያለችው ይሆናል። በይ ንገሪው!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የአባዬን ቃል ሳላጎድል አደረስኩ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ጨመርኩበት። ሚስተር ሉዎ ዞር ብሎ ክላን አየው። ብድግ አለና እጁን ጨበጠው።

«ምን አልሽው?» አለ አባዬ ግራ ገብቶት።

«እዚያ ጥግ የተቀመጠውን አገባለሁ አልኩት።»

«እኔ እኮ ለሱ መልስ እንዲሆነኝ ብዬ ነው...»

«እሷ ያለችው ይሆናል አላልክም? ቃሉን አጥፏል ልበለው?»

አባዬ እኔን አየ፣ ሚስተር ሉዎን አየ። ላብ አጠመቀው። ክላ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

በመጨረሻ አባዬ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገና «አንተ፣ ምን ጥግ ይዘህ ትቀመጣለህ?» አለው። «ና ቅረብ!»