በአጎት መጽሐፍ ያደገው ልጅ

ደራሲው በጽሕፈት ክፍሉ በር ሥር ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የከሰል ማንደጃ አለ፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ የበሩ ሥር ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ ተወትፏል።

አገር ያለቀሰለት ሰው ነበር። ዝነኛው የልጆች መጽሐፉ ሦስት ወላጅ አልባ የወንድሙን ልጆች ስላሳደገ አጎት ያወራል፤ አጎትየው ለመልአክነት የቀረው ክንፍ ማውጣት ብቻ ነው። መርማሪዋ መጽሐፉን በአንድ ቁጭታ ጨረሰችውና ቤተኞቹን አንድ በአንድ ማነጋገር ያዘች።

ሚስትየው ገበያ ውዬ ስመለስ ነው ያገኘሁት አለች። ከባሏ ይልቅ ያንገበገባት ጨርቁ ነበር፤ የወለል መወልወያዋ ነው። ልብስ ሰፊዋ የወንድሙ ልጅ ሱቄ ነበርኩ አለች። አናጢው ወንድሟ ስለ ትንሹ ወንድማቸው ተጠየቀ፤ መጽሐፉ ላይ ዶክተር የሆነው እሱ ነው። የት ሆስፒታል እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ ጠፋ። አናጢው ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ሌላ ሰው አትፈልጊ።»

«ከሰሉን ከየት አመጣኸው?»

«ከማድ ቤት።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ማንደጃውንና የማድ ቤቱን ከሰል ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«አንተ አይደለህም» አለችው። «የማድ ቤቱ ከሰል ጡጫ ያህላል። ማንደጃው ሥር ሳይነድ የቀረው ግን ተሰባብሮ ባቄላ አክሏል። ቤት ለማሞቅ እንዲህ የሚደክም የለም። በከሰል ካውያ የሚሠራ ሰው ግን ከሰሉ ካልደቀቀ ካውያው አይከደንለትም። እጁ ለምዶታል፤ ሳያስበው ይሰብራል።»

«እታለም፣ እንዳትናገሪ» አለ አናጢው።

«ዝም ያልነው ይበቃል፣ ወንድምዓለም። እኔ እያለሁ አንተ አትታሰርም።»

ከዚያ ተናገረች። ልጆች ሳሉ አጎታቸው እንግዳ ሲመጣበት ዕቃ ቤት ይቆልፍባቸው ነበር። አንድ ብርዳም ቀን ማንደጃ አስገባላቸው፤ ትንሹ እንዳይበርደው ብላ የበሩን ሥር በቀሚሷ የወተፈችው እሷ ነበረች። ሲታፈኑ በሩን ደበደቡ፤ አጎትየው እንግዶቹ እስኪሄዱ አልከፈተም። ትንሹ አልነቃም። ከዚያ ወዲህ ቀና ባለች ቁጥር «ነፍሰ ገዳይ» ይላት ነበር። በስተርጅና ደግሞ የሞተውን ልጅ በመጽሐፍ አሳደገው፣ አስተማረው፣ ዶክተር አደረገው፤ ተጨበጨበለት። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሕፃናት «ዶክተሩ ወንድምሽ መቼ ይመጣል?» እያሉ ይጠይቋታል። በሞተበት ቀን አጎቷ ብርድ ሲያማርር ከሱቋ ከሰል ይዛለት መጣች፤ እንደ ልማዱ ሳያመሰግን ተቀበላት።

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አላንኳኳም?»

«አንኳኳ እንጂ። እኔም በሩ ሥር ቁጭ ብዬ መጽሐፉን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ልጁ ዶክተር የሚሆንበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ዝም አለ።»